ጎዶሎ የሕግ መጽሐፍ ይሻለኛል፦ የአንድ የድሬዳዋ አጫዋች ጥያቄና መልስ

በድሬዳዋ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል በከዚራ በአንድ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የምንጫወት ሰዎች አለን። አዲስ የመጡት ወጣቶች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር፤ የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም ቢባልም አንዳንዶቹ «ጋሼ» ብለው ጀምረው ዕድሜዬን አስታውሰውኛል። ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ በዚህ ጨዋታ አጫዋቹ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ደግሞ ዳይስ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመጀመር የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግጋት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ማንም በነጻ እንዲጠቀምባቸው ተለቅቀዋልና በስልክህ አውርደህ አንብባቸው።

ጥያቄ፦ እርስዎ ታዲያ እስከ ዛሬ በሁለተኛው እትም የሚያጫውቱት ለምንድን ነው? ስሌቱስ የተገላቢጦሽ አይደለም?

መልስ፦ መጽሐፉ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ የእኔን ቅጂ በጅቡቲ ወደብ ይሠራ የነበረ ዘመዴ ከአንድ መርከበኛ ተቀብሎ በባቡር ልኮልኛል፤ ስለዚህ ፍቅሬ ሙሉ በሙሉ ከሚዛን የመነጨ ነው አልልም። ስሌቱን በተመለከተ ግን ክሱ የተጋነነ ነው። በዚያ እትም የመከላከያ ቁጥር ባነሰ መጠን ይጠነክራል፤ ጀማሪ ተዋጊ መከላከያው 5 የሆነን ጠላት ለመምታት ከ20 ላይ 5 ቀንሶ በባለ ሃያ ገጹ ዳይስ 15 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ቁጥሩን ወደ ላይ እንዲያድግ ገልብጦ ያንኑ ጠላት 15 ብሎ ጻፈው። ዕድሉ አልተለወጠም፤ የተወገደው የመቀነሱ ሥራ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ለደከመው ሰው እፎይታ መሆኑን አልክድም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ስለ አንድ ጉዳይ ምንም ካላለስ?

መልስ፦ ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጀመሪያው እትም ሦስት ትናንሽ ጥራዞችን በአንድ ሣጥን የያዘ፣ አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ የታተመና ብዙ ነገር ሳይናገር ያለፈ ነበር። ያ ጉድለት አጫዋቹን ዳኛ፣ ተጫዋቹን ተሟጋች ያደርጋቸዋል፤ አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ እንደነበረው ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሐረርን ግንብ የመሰለ ከተማ አዘጋጅቼ ነበር። በሮቹ በሌሊት ሲዘጉ የሌባ ሚና የያዘች አንዲት ተጫዋች፣ የቀራት የሕይወት ነጥብ ሦስት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለጅብ ማለፊያ በተተወው ቀዳዳ እገባለሁ አለች። ጅቦቹ ይነክሱሻል ስላት፣ ገጸ ባሕርይዋ ከሁለት ሳምንት በፊት ሥጋ ስታበላቸው መዋሏን ጠቅሳ ተከራከረች፤ የማስታወሻ ደብተራችንም መሰከረላት። በሁለት ዳይስ ከስድስት በላይ ካገኘች ያሳልፏታል ብዬ ፈረድኩ፣ አለፈችም። ፍርዱን በደብተሩ ስለጻፍነው ዛሬም እንሠራበታለን። ለጅብ ማብላት ሠንጠረዥ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ቢኖረኝ ኖሮ ገጹን ስፈልግ ሌሊቱ ይነጋ ነበር።

ጥያቄ፦ ለገጸ ባሕርዬ ስምንት ገጽ ታሪክ ጽፌያለሁ፤ ያነቡልኛል?

መልስ፦ አነበዋለሁ፣ ነገር ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃሽ ነበር። የገጸ ባሕርይን ስድስት ችሎታዎች፣ እንደ ጉልበትና ብልሃት ያሉትን፣ በሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ በቅደም ተከተል ማውጣትን እመርጣለሁ፤ 18 የሚገኘው ከ216 አንዴ ስለሆነ፣ ሰው ያልጠበቀውን ደካማ አስማተኛ ይዞ እንዴት እንደሚያኖረው ያስባል። የሌባዋ ታሪክ ከጅቦቹ ጋር የተወለደ እንጂ አስቀድሞ የተጻፈ አልነበረም።

ጥያቄ፦ መጽሔቶቹስ ይጠቅሙ ነበር?

መልስ፦ «ዘ ድራገን» ከሰኔ 1976 ጀምሮ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በወረቀት ታትሟል። የአንባቢን የሕግ ጥያቄ የሚመልስ ዓምድ ነበረው፤ ብዙዎች ያመሰግኑታል፣ እኔ ግን ጥቂት እቀየመዋለሁ፣ ምክንያቱም በገዛ ጠረጴዛው መፍረድ የሚችል ሰው የሩቅ ይግባኝ ሰሚ እንዲጠብቅ አስለምዷል። የእንግሊዙ «ዋይት ድዋርፍ» በቀድሞ ዘመኑ የአንባቢዎችን ጭራቆች ያትም ነበር፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ለወጣ የጭራቆች መጽሐፍ ተመርጠዋል። ለእኔ መጽሔት ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ እዚህ አላገኘሁም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሳታሚዎቹ ራሳቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ ዳይስ ሲያጥራቸው በሣጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው የካርቶን ቁራጮች ያስገቡ ነበር። አንተም ሃያ ቆርኪ ቁጥር ጽፈህባቸው በከረጢት ክተትና አንድ አውጣ፤ ካነበብክ በኋላ መልሰው፣ አለዚያ ዕድሉ ይዛባል። ቆርኪዎቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ከእኛ አንዱ ሃያ ቁጥርን በጣቱ ዳስሶ ይለይ እንደነበር የነቃነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።