ትልልቅ የድሮ ሪቮልቨሮችን ስለ መሰብሰብና ዕድሜያቸውን ስለ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ከሰብሳቢዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ የአሜሪካዎቹን የስሚዝ ኤንድ ዌሰንና የኮልት ትልልቅ ሽጉጦች ይመለከታሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማንኛውንም ሽጉጥ ለመመርመር ከማንሳትዎ በፊት ሲሊንደሩን (ጥይቱ የሚጎረስበትን ተሽከርካሪ ከበሮ) ከፍተው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። መቶ ዓመት የሞላው ሽጉጥም ጥይት ጎርሶ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ በስሚዝ ኤንድ ዌሰኔ አፈሙዝ ላይ ከተጻፉት ቀኖች የመጨረሻው ታኅሣሥ 29 ቀን 1914 ነው። ሽጉጡ የተሠራው በዚያ ዓመት ነው ማለት ነው?

አይደለም። እነዚያ የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀኖች ናቸው። ፋብሪካው ያንኑ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት ሲያትም ስለኖረ፣ የእርስዎ ሽጉጥ በ1920ዎቹ ወይም ከዚያም በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚነግርዎ ሽጉጡ ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። ሻጮች ይህን ቀን እንደ ልደት ቀን አድርገው ሲጠሩት በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ ገዢው የሚከፍለው ለሌለ ዕድሜ ነውና።

ዕድሜውን የሚፈልጉት ከመለያ ቁጥሩ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ይህ ቁጥር እጀታው ታች፣ የሲሊንደሩ የኋላ ፊት፣ የአፈሙዙ ሆድ (የቀለህ ማውጫው ዘንግ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ) እና ኮከብ የሚመስለው የቀለህ ማውጫ ጀርባ ላይ ይገኛል። የቀኝ እጀታውን እንጨት ፈትተው ቢገለብጡት በእርሳስ ተጽፎ ወይም ታትሞ ሊያገኙት ይችላሉ። ሁሉም ከተመሳሰሉ ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣው እንዲሁ ሆኖ ነው። የአፈሙዙ ቁጥር ከተለየ ግን አፈሙዙ ከሌላ ሽጉጥ መጥቷል።

ሲሊንደሩን ወደ ጎን ሲከፍቱ በማጠፊያው ክፍተት ውስጥ የሚያዩትን ቁጥር ከመለያ ቁጥሩ ጋር አያምታቱ። እርሱ ሠራተኞች ክፍሎቹን እንዳይቀላቅሉ የሚጠቀሙበት የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው።

መለያ ቁጥሩም ቢሆን የሚሰጠው ግምት ነው። ፋብሪካው ሽጉጦቹን በቁጥር ተራ አልላከም፤ አንዳንዱ በመጋዘን ዓመታት ተቀምጦ ከኋለኞቹ ቁጥሮች ጋር አብሮ ተጭኗል። የተላከበትን ቀንና የተቀበለውን ነጋዴ ማወቅ ከፈለጉ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን የማኅደር ደብዳቤ ይጠይቁ። ኮልትም የራሱ ማኅደር አለው። ለውድ ሽጉጥ ይህ ደብዳቤ ወጪውን በሚገባ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ባለ .44 ካሊበር «ባለ ሦስት ቁልፍ» ሊሸጥልኝ ነው። ከአፈሙዙ ሥር የቀለህ ማውጫውን ዘንግ የሚሸፍን ከለላ አለው። በዚህ ብቻ ላምነው?

አይመኑ። ትክክለኛው ባለ ሦስት ቁልፍ ከ1908 እስከ 1915 ብቻ የተሠራ ሲሆን ብዛቱም ወደ 15,000 ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ከኋላ ይቆለፋል፤ ከፊት በዘንጉ ጫፍ ይቆለፋል፤ ሦስተኛው ቁልፍ ደግሞ የሲሊንደሩ ማጠፊያ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሲሊንደሩን ከፍተው ከከለላው የኋላ ጫፍ አጠገብ ይመልከቱ። ትንሹ የብረት ምላስና እርሱ የሚገባበት ጉድጓድ እንደ ሰዓት ሥራ ተጣርተው የተቆረጡ ናቸው። በእኔ ግምት ያ ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ የእጅ ሥራ አላሳየም።

በ1915 የመጣው ሁለተኛው ሞዴል ሦስተኛውን ቁልፍም ከለላውንም ጣለ። ከዚያ በ1926 ቮልፍ ኤንድ ክላር የተባሉ የቴክሳስ ነጋዴዎች ወትውተው ከለላው ያለው ሦስተኛ ሞዴል እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ሦስተኛው ቁልፍ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ከለላ ያለው ሁሉ ባለ ሦስት ቁልፍ አይደለም። የ1926ቱም ቢሆን እጅግ ተፈላጊ ነው፤ በራሱ ስም ይገዛ እንጂ በሌላው ስም አይገዛ።

ጥያቄ፦ በመለያ ቁጥሬ ፊት «ኤስ» የሚል ፊደል አለ። ብሎኖቹም አምስት ናቸው። ከመቼ ወዲህ ነው?

አካሉ ትልቅ በሆነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ «ኤስ» ያለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1946 ጀምሮ የተሠራ ነው። ፊደሉ ሽጉጡ ቢወድቅ መዶሻው ጥይቱን እንዳይመታ የሚከለክለው አዲሱ መከላከያ መግባቱን ያመለክታል። ከ1969 ገደማ በኋላ ፊደሉ «ኤን» ሆነ።

የብሎን ቆጠራ ጥሩ ዘዴ ነው። አራቱ በጎን ሽፋኑ ላይ ናቸው፤ አንዱ በእጀታው እንጨት ሥር ስለሚደበቅ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አምስተኛው ከቃታ መከለያው ፊት ነው። የሽፋኑ የላይኛው ብሎን በ1955 አካባቢ ቀረ፤ የፊተኛው በ1961 ቀረ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የሞዴል ቁጥር በማጠፊያው ክፍተት ይታተም ጀመር፤ የ.44 ማግነሙ 29 የተባለው ያን ጊዜ ነው። አፈሙዙን የሚይዘው መስቀለኛ ሽቦ በ1982 ቀረ። ነገር ግን ፋብሪካው የቆዩ ክፍሎችን እስኪያልቁ ይጠቀም ስለነበር በድንበሮቹ ላይ ድብልቅ ቢያዩ ሐሰተኛ ነው ብለው አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ የ1917 የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ አለኝ፤ ቀለሙ ግራጫና ደብዛዛ ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው?

ግራጫው ፎስፌት ልባስ በኋላ በጦር ግምጃ ቤት የታደሰ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ፋብሪካዎች ሲያስረክቡት ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ የኮልቱ ሻካራ፣ የስሚዙ ለስላሳ። የታደሰው የራሱ የአገልግሎት ታሪክ አለው፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። ሽጉጡ የ.45 አውቶማቲክ ጥይት ይተኩሳል፤ ቀለሁ ከንፈር ስለሌለው ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መያዣ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹ ኮልቶች ሲሊንደር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ስለተቦረቦረ ያለ መያዣው ጥይቱ ጠልቆ ይገባና አይተኮስም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ሽጉጥ ልባሱ ረግፏል። እንደገና ላስቀባው?

እባክዎ አያስቀቡት! የተላጠ ግን ንጹሕ ሽጉጥ ከተቀባው ይበልጣል፤ የተወለወለ ብረት አይመለስም። ሲገዙም ይህንኑ ይፈልጉ፦ የደበዘዙ ፊደሎች፣ በወልዋይ ጨርቅ የጎደጎዱ የብሎን ቀዳዳዎች፣ የተሟሟ ጠርዝ፣ ከልባሱ ሥር የሚታይ የዝገት ጉድጓድ። በስሚዝ ላይ መዶሻውና ቃታው በሙቀት የጠነከሩበት የተዝጎረጎረ ቀለም ሊኖራቸው ይገባል፤ ጥቁር ሰማያዊ ከሆኑ አንድ ሰው ነክቷቸዋል። ሥራው በራሱ በፋብሪካው ተሠርቶ ከሆነ ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ ኮከብ፣ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ ወርና ዓመት የያዘ ትንሽ ማኅተም ሊያገኙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የ1873ቱን ኮልት በዘመናዊ ጥይት መተኮስ ይቻላል?

የቆየው ከሆነ አይቻልም። ሲሊንደሩን የሚይዘውን ዘንግ ተመልከቱ። ብሎኑ ከአካሉ ፊት ከሆነ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ ከጎን ተጭኖ የሚለቀቅ ከሆነ አዲሱ ዓይነት ነው። ጎነኛው ግን ጭስ አልባ ባሩድን ለመቻሉ ዋስትና አይሆንም፤ ኮልት ለዚያ ዋስትና የሰጠው ከ1900 ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሕግ «ጥንታዊ» የሚባለው የትኛው ነው?

በፌደራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ነው። የሚቆጠረው አካሉ የተሠራበት ጊዜ እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ለዚህ ነው ወደ ታች ታጥፈው የሚከፈቱት ባለ .44 ትልልቅ ስሚዞች እስከ 1900ዎቹ ቢሸጡም አካላቸው ቀድሞ ስለተሠራ ጥንታዊ የሚባሉት። የየክፍለ ግዛቱን ሕግ ለብቻው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ላስቀምጠው?

በፍጹም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱንም ይበላል። በቀጭን ዘይት ቀብተው በደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ ማኅደሩን ለብቻ።

ጥያቄ፦ በማጠፊያው ክፍተት «አር ኢ ጂ» የሚል ፊደልና ቁጥር አየሁ። ይህም የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው?

ይህ ሌላ ነው፤ ደስ ይበልዎ። ከ1935 ጀምሮ በደንበኛ ትእዛዝ እየተሠራ በ60 ዶላር የተሸጠው የተመዘገበው .357 ማግነም ምልክት ነው። ገዢው የአፈሙዙን ርዝመት ከ3½ እስከ 8¾ ኢንች መርጦ የምዝገባ ወረቀት ይቀበል ነበር። ወረቀቱ አብሮ ካለ አይለዩት።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ዌብሊ ማርክ 6 ልገዛ ነው፤ ምን ልፈትሽ?

የሲሊንደሩን ጀርባ። ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሲገቡ የ.45 አውቶማቲክ ጥይት እንዲጎርሱ ጀርባቸው ተፍቋል። የመለያ ቁጥሩ በከፊል ከጠፋ ተፍቋል ማለት ነው። የመደበኛው .45 ግፊት ሽጉጡ ከተፈተነበት ስለሚበልጥ ይህን ጥይት በውስጡ አይተኩሱ፤ ሻጩ «እኔ ሁልጊዜ እተኩስበታለሁ» ቢልዎም።