በእናትሽ ክፍል ስላለችው ፍሪጅ

«እናቴ መጦሪያ ውስጥ ነች። ክፍሏ ትንሽ ፍሪጅ አስገብተንላታል። ጠያቂ ያመጣላትን ሁሉ ታከማቻለች፤ ልጣለው ስላት ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ?» ላልሽው እህቴ፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ አረጋውያንን ስንከባከብ 7 ዓመት ሆኖኛል።

መጀመሪያ እናትሽ ላይ አትፍረጂባት። ያ ወጥ የመጣው ከሰው እጅ ነው። መጣል ያመጣውን ሰው ማስቀየም ይመስላታል።

ግን አደጋው እውነት ነው። አንዲት እማማ ለፋሲካ የመጣላቸውን ዶሮ ወጥ በቅቤ ጣሳ አስቀምጠው ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ጠፍቶ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መጣ። ጣሳውን ስከፍተው ቅቤው ላዩ ላይ ረግቷል፣ ሽታውም ደህና ነው። አሙቄ ሰጠኋቸው። ማታውን ተቅማጥና ትውከት ጀመራቸው፤ 3 ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኙ። ሐኪሙ የምግብ መመረዝ ነው አለን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን አላምንም፤ የሚያሳምመው ጀርም ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም አይለውጥም። ፍሪጅ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ፕላስተር ቆርጬ ክዳኑ ላይ ያመጣውን ሰው ስምና ቀኑን እጽፋለሁ። ስሙን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። 3ኛው ቀን ላይ «የእትዬ እገሊት ወጥ ዛሬ ያበቃል፣ ለምሳ ላሙቅልዎት?» እላለሁ። የተረፈውን ሳወጣ አይከፋቸውም። ሲሞቅ ታዲያ ለብ ማለት አይበቃም፤ እስኪፍለቀለቅ ነው።

አንድ ቴርሞሜትር ግዢና ፍሪጇ ውስጥ አስቀምጪ። ከ5 ዲግሪ በታች ማሳየት አለበት። ካልወረደ የበሩን ጎማ እዪ፤ ወረቀት አስገብተሽ ስትዘጊው በቀላሉ ከተሳበ ላልቷል።

ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብና ጥሬ ክትፎ ለእሷ ይቅርባት። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፣ በዕድሜ የገፋን ሰው ክፉኛ ይጎዳል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣው የተጠበሰ ዓሣም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ አይቀመጥም።

የመጦሪያውን ኃላፊዎችም ጠይቂ፤ ፍሪጇን የሚያየው ማነው? እኛ ጋ ቤተሰብ ሠራተኛው ያያል ይል ነበር፣ ሠራተኛው ደግሞ ቤተሰብ። አሜሪካ ውስጥ መጦሪያዎች ከውጭ ስለሚገባ ምግብ መመሪያ እንዲኖራቸው በመንግሥት ደንብ ይገደዳሉ። የእናትሽ መጦሪያም አንድ ገጽ ቢጽፍ ምንም አይከብደውም።

ፍሪጇ በረዶ መያዣ ካላት ደግሞ ስኒ ውኃ አቀዝቅዢና ሲጠጥር ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጪ። ስትመጪ ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘሽው መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ወጡንም ዓሣውንም አውጪ፤ ለእናትሽም ስኒውን አሳዪያት።