ለምትጽፉ ሴቶች ልጆቼ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬአለሁ። ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡ ወጣት ሴቶች የሚጠይቁኝ ስለ ቋንቋ ውበት ነው። ከአሳታሚ ጋር ስለሚፈረም ውል የጠየቀችኝ ግን የለችም ማለት ይቻላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው። ምሳሌ የማደርጋቸው ከ200 ዓመት በፊት የነበሩትን የእንግሊዝ ሴት ደራስያን ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ያ ዘመን ሮማንቲክ ይባላል፤ የስሜትና የምናብ ዘመን። ሴቶቹ ግን ነፃነታቸውን ያገኙት በምናብ ብቻ አይደለም። ሻርሎት ስሚዝን ተመልከቱ። ገና በልጅነቷ ዳሯት። ባሏ በዕዳ ታሰረ። እሷም በ1784 ግጥሞቿን በስሟ አሳተመች። ኋላ ከባሏ ተለይታ ብዙ ልጆቿን በብዕሯ አሳደገች። ሕጉ ግን ያገባች ሴት ያገኘችውን ገንዘብ የባል ያደርገው ነበር። ተለይታው እንኳ የልፋቷን ዋጋ ሊወስድባት ይችል ነበር። እሷ መጻፏን አልተወችም። ይህቺን ሴት ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሜሪ ሼሊ "ፍራንከንስታይን" የተባለውን ልብ ወለዷን ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ያለ ስም ወጣ። መቅድሙን የጻፈው ባሏ ስለነበር ድርሰቱም የሱ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። ስሟ የታተመው በ1823 እትም ላይ ነው። እኔም በወጣትነቴ አንድ ጽሑፌ ያለ ስሜ ወጥቷል። "ምን አለበት፣ ዋናው መነበቡ ነው" ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ዝም አትበሉ።

አሁን ወደ ጄን ኦስተን ልምጣ። በ1811 "ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ" የተባለውን ልብ ወለዷን ያሳተመችው ኪሳራ ቢመጣ ራሷ ልትከፍል ተስማምታ ነው። ሽፋኑ ላይ ስሟ የለም፤ "በአንዲት እመቤት" ይላል። የማሳተም መብቱ ግን በእጇ ስለቀረ 140 ፓውንድ አተረፈች። ቀጣዩን፣ "ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ"ን፣ ከነመብቱ በ110 ፓውንድ ሸጠችው። 150 ፈልጋ ነበር። መጽሐፉ ደጋግሞ ሲታተም ትርፉ ሁሉ የአሳታሚው ሆነ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም፣ የውል ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ1803 አንድ ልብ ወለዷን ለለንደን አሳታሚ በ10 ፓውንድ ሸጠች። ሰውየው ማስታወቂያ አስነገረ፣ መጽሐፉን ግን አላተመም። 6 ዓመት ጠበቀች። በ1809 በብዕር ስም ደብዳቤ ጻፈችለት። መልሱ፣ የማሳተሚያ ጊዜ አልተወሰነም፣ ግዴታም የለብኝም የሚል ነበር። ሌላ ቦታ ብታሳትሚው አግዳለሁ፣ ከፈለግሽ በ10 ፓውንድሽ ውሰጂው አላት።

ስለዚህ ውል ሲቀርብላችሁ "መቼ ይታተማል? በዚያ ጊዜ ካልታተመስ ረቂቁ የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "አይዞሽ፣ እናደርሰዋለን" ቢሏችሁ፣ ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይግባልኝ በሉ። ማፈር የለም።

ኦስተን ረቂቋን ማስመለስ የቻለችው በ1816 ነው። በዚያው በ10 ፓውንድ። ወንድሟ ሄዶ አመጣላት። "ኖርዛንገር አቢ" ተብሎ የወጣው በ1817 ታኅሣሥ ሲሆን፣ እሷ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አርፋ ነበር።