ዘፈኑ የማን ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስል ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሄቪ ሜታል የተባለውን ኃይለኛ የሮክ ስልት የሚጫወቱ ባንዶች፣ ሲሰሟቸው ያደጉትን የሌሎች ሙዚቀኞች ዘፈን እንደገና ስለ መጫወታቸው። ከአንድ ቦታ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ «አም አይ ኢቭል» በሚባለው ዘፈን ምክንያት ከተኳረፍን ሳምንት ሊሞላን ነው። እኔ ዘፈኑን ከ20 ዓመት በላይ የሜታሊካ ነው ብዬ ሳዳምጠው ኖሬአለሁ። እሱ ግን ዳይመንድ ሄድ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ሥራ እንደሆነና ሜታሊካም በሰው ዘፈን ስሙን እንዳገነነ ይነግረኛል። ማንኛችን ነን ትክክል? እንዲህ ላለ ትልቅ ባንድስ የሰው ዘፈን መጫወት አያሳፍርም?
አንባቢ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ኩርፊያው እንዲያጥር ፍርዱን አስቀድሜ ልስጥ። ዘፈኑ የማን ነው በሚለው ላይ ታናሽ ወንድምዎ ልክ ናቸው። «በሰው ዘፈን ስሙን አገነነ» ባሉት ላይ ግን ግማሽ መንገድ ያህል ብቻ አብሬአቸው እሄዳለሁ።

«አም አይ ኢቭል»ን የጻፉት የዳይመንድ ሄድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ታትለርና ድምፃዊው ሾን ሃሪስ ናቸው። ባንዱ የተመሠረተው ከበርሚንግሃም ብዙም በማትርቀው በስቱርብሪጅ ከተማ ሲሆን፣ ዘፈኑ የሚገኘው በ1980 ራሳቸው ባሳተሙት የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ነው። ከጀርባቸው የሚቆም ኩባንያ ስላልነበረ በመጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ርእስም ሥዕልም በሌለው ነጭ ልባስ ከትተው፣ ከአራቱ የባንዱ አባላት አንዱ ፊርማውን እያኖረበት፣ በፖስታ ይሸጡት ነበር። ከእነዚያ ሸክላዎች አንዱ ካሊፎርኒያ በሚኖር ላርስ ኡልሪክ በተባለ ዴንማርካዊ ወጣት እጅ ገባ። ልጁ በ1981 በጋ፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ባንዱን በዓይኑ ለማየት ብቻውን አትላንቲክን ተሻግሮ ለንደን ሄደ። ትርኢታቸውን በዎልዊች ኦዲዮን ካየ በኋላ ከመድረክ ጀርባ ገብቶ ራሱን አስተዋወቀ፤ ማደሪያ እንደሌለው ሲሰሙም ይዘውት ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ በታትለርና በሃሪስ ቤት ለሳምንታት በእንግድነት ተቀመጠ። ወደ አሜሪካ ተመልሶ ከጄምስ ሄትፊልድ ጋር ሜታሊካን የመሠረተው በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ ክስ እንምጣ። ሜታሊካ ማርች 14 ቀን 1982 በአናሃይም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ዘፈኖች የተጫወተ ሲሆን፣ የራሱ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ሰባት ውስጥ አራቱ የዳይመንድ ሄድ ናቸው፤ «አም አይ ኢቭል»ም አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ዘፈኖቹ የእነማን እንደሆኑ ለታዳሚው አይናገሩም ነበር፤ ዝምታቸው ሰውን እንዳሳሳተም ሳይደብቁ ኋላ ራሳቸው አውርተውታል። እነዚያ የእንግሊዝ ሸክላዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ብርቅ ስለነበሩ የሚያውቅባቸው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ የ1982ቱን ሜታሊካ ቢያሙ አልከራከራቸውም። በ1984 ግን ባንዱ ዘፈኑን ቀርጾ «ክሪፒንግ ዴዝ» በተባለው ነጠላ ዜማው ጀርባ ሲያወጣው የደራሲዎቹ ስም በግልጽ ሰፍሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ስርቆት ሳይሆን የአንድ አድናቂ ውለታ መክፈል ነው ባይ ነኝ።

ከቻሉ ከወንድምዎ ጋር ቁጭ ብለው ሁለቱን ቅጂዎች አከታትለው ያዳምጧቸው። መግቢያው በሁለቱም ላይ ያው ነው፤ ድራምና ጊታር እንደ ሰልፈኛ እግር በአንድነት ይረግጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግመው ይረግጣሉ። (ይህ ራሱ ብድር ነው። ታትለር ሐሳቡን ያገኘው ጉስታቭ ሆልስት የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለትልቅ ኦርኬስትራ ከጻፈው «ማርስ» ነው። ስለዚህ አበዳሪውም ተበዳሪ ነበር።) ልዩነቱ የሚሰማው ዋናው ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ ዘፈኑን የሚሸከመው የጊታር ሐረግ፣ ሲገባ ነው። ታትለር ክሩን መትቶ እንዲጮህ ይተወዋል፤ ድምፁ ሰፋ ያለ፣ የ1970ዎቹ ሮክ ገና ያልለቀቀው ነው። ሄትፊልድ ግን የቀኝ መዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ከጊታሩ ገላ ጋር በሚታሰሩበት አጠገብ አሳርፎ፣ ክር መምቻውን (ፒኩን) ወደ ታች ብቻ እየሰነዘረ ስለሚመታ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ገና ከመውጣቱ ይታፈናል፤ ጆሮ የሚደርሰው ሙቀጫ ውስጥ እንደሚወርድ ዘነዘና ያለ ደረቅ ምት ነው። እናቱ ጠንቋይ ተብላ በእሳት የተቃጠለችበት ልጅ በቀል ሲምል ለሚሰማበት ግጥም ይህ አጨዋወት ይበልጥ ይስማማዋል። በአዘፋፈን በኩል ግን የሃሪስ ድምፅ ከወጣቱ ሄትፊልድ ድምፅ በእጅጉ ይበልጣል፤ በዚህ የሚከራከረኝ ሰው ካለ ደብዳቤውን እቀበላለሁ።

በጁን 2010 በቡልጋሪያዋ ሶፊያ ሜታሊካ፣ ሜጋዴዝ፣ አንትራክስና ስሌየር የተባሉት አራት የሜታል ባንዶች በአንድ መድረክ በተገናኙ ጊዜ ከአራቱም የመጡ ሙዚቀኞች አብረው የተጫወቱት ይህንኑ ዘፈን ነበር። ከእነርሱ አንዳቸውም ያልጻፉት፣ ሁሉም ግን የሚያውቁት ዘፈን መሆኑ ነው። በዲሴምበር 2011 ሜታሊካ 30ኛ ዓመቱን ሳንፍራንሲስኮ ሲያከብርም ታትለርና ሃሪስ መድረክ ላይ ተጠርተው አብረው ተጫውተዋል። ሊያሳፍር ይገባል ላሉት፣ የ1982ቱ ዝምታ ያሳፍር ይሆናል፤ ዘፈኑን መጫወት ግን አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ምድር ቤት የሌሎችን የሮክ ዘፈኖች እንጫወታለን። አንድ ቀን ቀርጸን ለማውጣት እናስባለን። ታላላቆቹ ባንዶች ይህን ሲያደርጉ ፈቃድ ይጠይቃሉን? ለባለቤቱስ የሚደርሰው ገንዘብ ምን ያህል ነው?
አንባቢ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እርስዎ ባሉበት አገር አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ተቀርጾ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ሌላው ሰው በራሱ ድምፅ ቀርጾ ሊያወጣው ይችላል፤ ሕጉን ተከትሎ ማሳወቅና የተወሰነውን ክፍያ መክፈል እንጂ የደራሲውን በጎ ፈቃድ መለመን አይጠበቅበትም። ይህ ደንብ ከ1909 የመጣ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን ያስነሳው በተበሳ ወረቀት ጥቅል አማካይነት ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ሲሆን፣ ለአንድ ቅጂ የተወሰነው 2 ሳንቲም እስከ 1978 ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። ሜታሊካ የሌሎችን ዘፈኖች ብቻ ሰብስቦ «ጋራዥ ኢንክ.» የተባለውን ድርብ አልበም ባወጣበት በ1998 ክፍያው 7.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 ደግሞ 12 ሳንቲም ሆኗል። ከአምስት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በደቂቃ ስለሚታሰብ ረጃጅም ዘፈን የሚወዱ የሜታል ባንዶች የሚከፍሉት ከዚህ ይበዛል። ቅንብሩን እንደ ራስዎ ስልት ማበጀት ይፈቀድልዎታል፤ ዋናውን ዜማ መለወጥ ወይም ግጥሙን ወደ አማርኛ መመለስ ካሰቡ ግን የባለቤቱ ፈቃድ የግድ ነው። ቪዲዮም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ስትጫወቱ እንደ አስካፕና ቢ.ኤም.አይ. ላሉ፣ ለዘፈን ደራሲዎች ክፍያ ለሚሰበስቡ ድርጅቶች መክፈል የተለመደው የአዳራሹ ባለቤት ነው።

ሳንቲም ሲባል ትንሽ ይምሰል እንጂ ሲጠራቀም የሰው ኑሮ ይለውጣል። ዳይመንድ ሄድ በ1982 እና በ1983 በትልቅ ኩባንያ በኩል ሁለት አልበም አውጥቶ ሳይሳካለት በ1985 ፈረሰ። ታትለር በሙዚቃ እንዲኖር ያስቻለው ሜታሊካ ዘፈኖቹን መልሶ በመቅረጹ የሚያገኘው ገቢ እንደሆነ ራሱ በይፋ ተናግሯል።

ሁሉም በፍቅር አይደለም የሚጫወተው። ኳየት ራየት የተባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ ስሌድ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የ1973 ዘፈን «ካም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ» እንዲጫወት ሲገደድ፣ ድምፃዊው ዘፈኑን ስላልወደደው ሆን ብለው ሳይለማመዱት ስቱዲዮ ገቡ፤ እንዲበላሽላቸው ነበር ምኞታቸው። አልተበላሸም። ዘፈኑ አሜሪካን አዳረሰ፤ አልበሙም በኖቬምበር 1983 በቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያው የሄቪ ሜታል አልበም ሆነ።

ባለቤት የሌለው ዘፈንም አለ። ሜታሊካ በ2000 የግራሚ ሽልማት ያገኘበት «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» ደራሲው የማይታወቅ የአየርላንድ ባሕላዊ ዘፈን ነው፤ እኛ ዘንድ ትዝታን ሁሉም በየራሱ ግጥም እንደሚዘፍነው ሁሉ እነርሱም ዘንድ በየመጠጥ ቤቱ ይዘፈናል። ሆኖም የሜታሊካን ቅጂ የሰማ ሁሉ የሚያንጎራጉራት የጊታር ሐረግ ከሕዝቡ የመጣች ሳትሆን ቲን ሊዚ የተባለው የደብሊን ባንድ በ1972 ሲቀርጸው የኤሪክ ቤል ጣቶች የወለዷት ናት።

ጥያቄ፦ እኔ የጆአን ቤዝ አፍቃሪ ነኝ። በቅርቡ የእህቴ ልጅ «ዳይመንድስ ኤንድ ረስት»ን ጁዳስ ፕሪስት በሚባል የሜታል ባንድ አሰምቶኝ ደነገጥኩ። ለመሆኑ ቆዳ ለብሰው የሚጮኹ ሰዎች ከእርሷ ዘፈን ምን አገኙ? እርሷስ ይህን ሰምታ ምን አለች?
አንባቢ ከሐዋሳ

መልስ፦ ድንጋጤዎ ይገባኛል፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ስለነበር የደነገጥኩት በቤዝ ዝግታ ነው። ርእሱ «አልማዝና ዝገት» እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ የፎልክ ዘፋኝ ቤዝ በ1975 ያወጣችው ሲሆን፣ የድሮ ፍቅረኛ ድንገት ስልክ ሲደውል የሚቀሰቀሰውን ትዝታ የሚያወሳ ነው፤ ደዋዩ ዘፋኙ ቦብ ዲላን እንደሆነም የታወቀ ነው። ጁዳስ ፕሪስት ዘፈኑን በ1977 «ሲን አፍተር ሲን» በተባለው አልበሙ ላይ አወጣው።

ምን አገኙ ለሚለው መልሱ በዘፈኑ አጥንት ውስጥ አለ። የቤዝን ቅጂ ግጥሙን ለጊዜው ትተው ከሥር የምትመላለሰውን የጊታር ጣት ብቻ ይከተሉ፤ ያለ ዕረፍት የምትሽከረከር፣ ጨለም ያለች አጭር ሐረግ ናት። ያችን ሐረግ በኤሌክትሪክ ጊታር አጥብቆ፣ ከሥሯ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚሄድ ምት ላስገባባት ሰው ሪፍ ለመሆን የቀራት ነገር የለም። ባንዱ ዘፈኑን ከአንድ ደቂቃ በላይ አሳጥሮታል። ቤዝ ቅሬታዋን እየቆየች፣ ፈገግ እያለች የምትናገረውን የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ ሮብ ሃልፎርድ ቁስሉ ገና እንዳልደረቀ ሰው ይዘፍነዋል። ለእኔ ከሜታል ዓለም ዳግም ሥራዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም የዘፈኑን ቃል ጠብቆ የተናጋሪውን ዕድሜ ለውጦታል። ከራሱ ወገን ባንድ ዘፈን መውሰድ ቀላል ነው፤ ሩቅ ሄዶ፣ ሌላው ሰው ሪፍ ይኖርበታል ብሎ ከማይጠረጥረው ዘፈን ውስጥ ሪፍ ማውጣት ግን ጆሮ ይጠይቃል። ይኸው ባንድ የፍሊትዉድ ማክን የ1970 ብሉዝ «ዘ ግሪን ማናሊሺ»ንም በተመሳሳይ መንገድ የራሱ አድርጎታል።

የሰው ዘፈን ጣጣም አምጥቶባቸዋል። በ1978 አልበማቸው ላይ ስፑኪ ቱዝ ከተባለ ባንድ አንድ ዘፈን የጨመሩ ሲሆን፣ በአልበሙ ውስጥ የእነርሱ ያልሆነው እርሱ ብቻ ነበር። በዚያ ዘፈን ውስጥ ወጣቶችን ለሞት የሚገፋ ስውር ቃል አለ ተብለው በ1990 ሪኖ፣ ኔቫዳ ፍርድ ቤት የቆሙት በዚሁ ነው። ዳኛው ቃል የተባለው የድምፆች ግጥምጥሞሽ እንጂ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም ብለው ክሱን ዘግተውታል።

ቤዝ ምን አለች ላሉት፣ መልሱ ከእኛ አገር ስም ጋር በተያያዘ ቀን የተሰጠ ነው። እኛ የ77ቱ ድርቅ ለምንለው ረኀብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» ሲካሄድ የፊላደልፊያውን መድረክ በጠዋት የከፈተችው ጆአን ቤዝ ነበረች፤ ጁዳስ ፕሪስትም በዚያው መድረክ ተጫውቷል። ሃልፎርድ ኋላ እንዳወራው፣ ከመድረክ ጀርባ ሳለ ቤዝ በቀጥታ ወደ እርሱ ስትመጣ አይቶ፣ ዘፈኔን አበላሸኸው ልትለኝ ነው ብሎ ሰግቶ ነበር። እርሷ ግን አጠገቡ ስትደርስ ከልጇ መልእክት ይዛ እንደመጣች ነገረችው፤ ልጇ ከእርሷ ይልቅ የእነርሱን አዘፋፈን እንደሚወድ ንገሪልኝ ብሏት ነበር።