«ይቺን ጊታር ስንት ትላታለህ?»

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ያገለገለ ጊታር ይዞ የማይመጣ የለም። ሰሞኑን የተጠየቅኩትን እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ ሰው «የ1962 ፌንደር ስትራቶካስተር ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ ረጋ በል ወንድሜ። ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር የወጣው በ1954 ነው። በ1965 መጀመሪያ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ብሮድካስት ኩባንያ ፌንደርን ገዛው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ያልተነካኩት ዛሬ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። ያ ዕቃ በሞባይል ቀፎ ዋጋ ከቀረበልህ ነገር አለ። ሰውየው ግን የግድ አጭበርባሪ አይደለም። ፌንደር ከ1982 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ በ62ቱ አምሳል ጊታር ያሠራ ነበር። ቁጥሩን አይቶ ተሳስቶ ይሆናል። የጃፓኑም ቢሆን ግሩም ዕቃ ነው። አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች አስፈታና ተረከዙ ላይ፣ ማለት ከሳጥኑ በሚገጥመው ጫፉ ላይ፣ የተጻፈውን እይ። «አይፈታም» ካለህ፣ አንተም የቋጠርከውን ብር አትፍታ።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ በኪነት ይጫወቱበት የነበረ ያማሃ ቦክስ ጊታር አለን። ዕድሜውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እቱ፣ በድምፅ ቀዳዳው አጮልቀሽ ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። «ኒፖን ጋኪ» ካለ ከ1987 በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ኩባንያው ስሙን ወደ ያማሃ ኮርፖሬሽን የለወጠው በዚያ ዓመት ነው። ኤፍጂ የሚባሉት ከ1966 ጀምሮ የወጡ ናቸው። ቀይ ወረቀት ያለው ኤፍጂ 180 ፊቱ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ድምፁ ግን ያስቀናል። በውጭ ገበያ በመቶዎች እንጂ በሺዎች ዶላር አትጠብቂ። እኔ ብሆን አልሸጠውም።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ተላልጧል። አስቀብቼ ልሽጠው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደገና የተቀባ የድሮ ጊታር ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንድ ጥሩ ጊታር በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የበር ቀለም ቀብቼዋለሁ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ቀይረህ ያወለቅከውን የክር መወጠሪያ ቁልፍና ፒካፕም (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን) አትጣል፤ ከጊታሩ ጋር አብሮ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

መልስ፦ አንገቱን። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅህ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅህ አንገቱ ከሳጥኑ የሚገጥምበት ላይ ተጫን። አሁን ሰባተኛው ፍሬት ጋ ተመልከት። በክሩና በፍሬቱ መካከል የሞባይል ካርድ የምታስገባ ስስ ክፍተት ካለች ደህና ነው። እርሳስ የሚያሳልፍ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል። ውስጡ ያለውን ብረት በቁልፍ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ ያስተካክሉታል። ብረቱ አልዞር ካለ ተወው። ቀጥሎ ክሩን ልቀቅና አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከፍታውን ለካ። ለቦክስ ጊታር 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ከ4 ካለፈ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ጊታር ከሆነ ማሠሪያው ከራሱ ከጊታሩ ይበልጣል። የክር መወጠሪያዎቹ ያሉበት የጊታሩ ራስ አካባቢ ተሰብሮ የተጣበቀም አለ፣ በተለይ ጊብሰን የሚባለው ጊታር። ቢጫወትም ዋጋው ብዙ ይቀንሳል። በጥፍርህ ዳብሰው፤ ዓይን ያለፈውን ጥፍር ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ የናይለን ጊታሬ ላይ የብረት ክር ባስር ድምፁ አይጎላም?

መልስ፦ ይጎላል፣ ከዚያ ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የታሰሩበት ድልድይ ይነቀላል። ስድስቱ ክሮች ተደምረው ናይለን 40 ኪሎ ገደማ ይስባል፣ ብረት ከ70 በላይ። ድልድዩ ሥር ወረቀት የሚገባበት ጊታር ካየህ፣ ባለቤቱ ይሄንን ሞክሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለባቲና ለአምባሰል ቅኝት የትኛው ጊታር ይሻላል?

መልስ፦ ጆሮ ካለህ የትኛውም። ባቲ ከተማ ስትወርድ ግን ጊታሩን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትተህ ምሳ አትብላ። ሙጫው ይለሰልሳል፤ ስትመለስ ድልድዩ ተነሥቶ ይጠብቅሃል።