ደብተር አውጡ ሲባል ለሚጮኸው ልጅ እቅዱን ከየት ልጀምር ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ሲና ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ኦቲዝም ያለበት ተማሪዬ ደብተር አውጡ ስል ይጮሃል፣ እጁን ይነክሳል፣ ሮጦ ይወጣል፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለብቻው እቅድ አውጪለት ካልሆነ አዲስ አበባ ይሂድ አሉኝ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ ልዩ ፍላጎት ነው የማስተምረው።

የአዲስ አበባውን ነገር ለጊዜው ተዪው። ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈተችው የራሷ ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው፣ ትልቅ ስራ ነው የሰራችው፣ ግን ከእናንተ 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያቺ እናት በየት በኩል ታመላልሰዋለች? ልጁ የሚማረው እናንተው ጋ ነው።

እቅዱን አሁን አትጻፊ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ብቻ መዝግቢ፦ ልክ ከመጮሁ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። «ረበሸ» ብለሽ አትጻፊ፣ «እጁን ነከሰ፣ በበሩ ወጣ» በይ። ሰዓቱንም፣ ጫጫታውንም ጻፊ፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ለኛ ምንም ላይሆን ይችላል ለሱ ግን ህመም ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ ሂሳብ ጠልቶ ነው ሲባል ከርሞ መዝገቡ ሲታይ የሚጮኸው ሁሌ ደወል አካባቢ ሆኖ ተገኘ፣ ደወላችን ደግሞ መስኮቱ ስር የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ቦታው ተቀየረ፣ የክፍል አለቃው ከደወሉ በፊት የደወል ስዕል እንዲያሳየው ተደረገ፣ ሂሳቡንም ቁጭ ብሎ ሰራ።

ልጅ እንዲህ የሚያደርገው ወይ ከሆነ ነገር ለማምለጥ ነው፣ ወይ ሰው እንዲያየው፣ ወይ የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት፣ ወይ ሰውነቱ ራሱ ስለሚፈልገው ነው። ያንቺው እንደጻፍሽው ከሆነ ከመጻፍ እያመለጠ ይመስለኛል። እንደዛ ከሆነ ሲጮህ ውጣ ማለት የፈለገውን መስጠት ነው፣ ነገም ይጮሃል። ስለዚህ በጩኸቱ ፈንታ የሚጠይቅበት ነገር ስጪው። ካርቶን ቆርጠሽ ውጭ ያለውን ዛፍ ሳዪበት፣ ካርዱን ሲሰጥሽ ሁለት ሶስት ደቂቃ ዛፉ ስር አርፎ ይመለስ። መጀመሪያ አካባቢ በጠየቀ ቁጥር ወዲያው ፍቀጂለት፣ ካርዱ እንደሚሰራ ካላመነ ወደ ጩኸቱ ይመለሳል። ስራውንም ቀንሺው፣ አንድ ገፅ ሳይሆን አንድ መስመር፣ ከዛ የሚወደው ነገር፣ ቆርኪ መደርደርም ይሁን ምንም። ጩኸቱ እንደ ድሮው አልሰራ ሲለው ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ይብስበታል፣ እዛ ላይ እንዳትለቂ በጣም አደራ።

ሌላው ሁሉም ሰው አንድ አይነት ነገር ማድረግ አለበት። ዘበኛው ልጁ ሮጦ በር ጋ ሲደርስ አዝኖ ብስኩት የሚሰጠው ከሆነ ያንቺ እቅድ ምን ይሰራል? አንድ ገፅ ብቻ ጻፊና ለዩኒት ሊደሩም ለእናቱም ለዘበኛውም አስረጃቸው። ዱላና ማንበርከክ በምንም ተአምር አይግባበት። እጁን ማወዛወዙን ደግሞ ተዪለት፣ ማንንም አይጎዳም፣ የሚረጋጋበት ነው።

እናቱን አነጋግሪያት፣ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ጥርሱን ወይ ሆዱን ያመዋል ወይ፣ አፍ አውጥቶ መናገር የማይችል ልጅ ሲያመው እጁን ሊነክስ ይችላል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታም ያለባቸው ብዙ ናቸው፣ ፀበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፣ ግን መድኃኒት ከጀመረ እንዳይቋረጥ በደንብ ንገሪያት፣ ጤና ጣቢያም ይታይ።

የሳምንቱን ማስታወሻ ስትጨርሺ የልጁን ስም አውጥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።