ሦስት ሰፊ ጨምሬ ሥራው ለምን ባሰ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አንድ ቆራጭ፣ ስድስት ሰፊዎች፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘመዝመው መኪና) የምትሠራ ልጅ፣ አንድ ካውያ የሚተኩስ ልጅ ነበሩኝ። ለሁለት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ተዋዋልኩና እንዳልዘገይ ብዬ ሦስት ሰፊ ጨመርኩ። ይኸው አሁን ኦቨርሎኩ ጎን 320 ልብስ ተከምሮ መተላለፊያ ጠፋ፣ የማስረክበው ግን ያው በቀን 40 ገደማ ነው። ደሞዝ ጨመረ፣ ገቢ የለም። ሠራተኞቹ እየለገሙብኝ ይሆን?
ዩኒፎርም ሰፊው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጆቹን ተዋቸው። እንዲያውም ክምሩ የበዛው ስለሠሩልህ ነው። ሥራ ሁሉ ተሰልፎ የሚያልፍበት ጠባብ በር ማነቆ ይባላል፣ ያንተ ማነቆ ኦቨርሎኩ ነው። ከሱ በፊት ሦስት አይደለም ሠላሳ ሰፊ ብትቀጥር የሚወጣው ያው 40 ነው።

320ን ለ40 አካፍለው። ዛሬ የተቆረጠ ሸሚዝ ተራው የሚደርሰው ከ8 ቀን በኋላ ነው። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፣ ሕጉም በስሙ ይጠራል። ልብስ ሰፊ «ነገ ና» የሚለው ውሸታም ሆኖ ሳይሆን (እሺ፣ አንዳንዱ ነው) ክምሩን ቆጥሮ ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ኦቨርሎክ ልግዛ ብለህ ግን እንዳትሮጥ። መጀመሪያ ያለህ መኪና በቀን ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚውል እይ። ልጅቷ ምሳ ስትወጣ ይቆማል፣ ክር ስትቀይር ይቆማል፣ መርፌ ሲሰበር አንተ ገበያ ደርሰህ እስክትመጣ ይቆማል፣ መንገደኛ «ይቺን ብቻ» ብሎ ሱሪ ይዞ ሲገባም ዩኒፎርሙ ይቆማል። ኦቨርሎኩ አንድ ሰዓት ሲቆም ቤቱ በሙሉ አንድ ሰዓት ቆመ ማለት ነው። አንድ ሰፊ አንድ ሰዓት ቢያርፍ ግን የሚቀንስብህ ክምሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹ ሰፊዎች አንዱን ኦቨርሎክ አስተምረውና ምሳ ሰዓት ይተካ። ክር መቀየሩ እንዲቀንስ ሰማያዊውን ሁሉ ጨርሳችሁ ወደ ነጩ እለፉ። ትርፍ መርፌ ይኑር። የተበላሸ ስፌት ኦቨርሎኩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ።

ቆራጩን ደግሞ ያዝ አድርገው። ኦቨርሎኩ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይቁረጥ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሠራተኛ ማየት ባለቤትን ያማል። የቶዮታ መኪና ፋብሪካን አሠራር የቀየረው ታይቺ ኦኖ ግን ከብክነት ሁሉ የከፋው ከሚፈለገው በላይ ማምረት ነው ይል ነበር። ወለል ላይ የተከመረው ጨርቅ ያንተው ገንዘብ ነው፣ ለዚያውም አቧራ እየጠጣ። እኛ አገር ካይዘንን (ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው) የሚያስተምረው የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ወለሉን በቢጫ መስመር ያሰመረ ድርጅት ሞልቷል፤ መስመሩ አይከፋም፣ ግን ክምሩን አሳምሮ በመስመር ውስጥ መደርደር ክምሩን አይቀንሰውም።

ይህን ሁለት ሳምንት ሞክር። ኦቨርሎኩ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም እየሠራም ክምሩ ካልጎደለ ያኔ ሁለተኛውን ግዛ። ክምሩ ካውያው ፊት መታየት ከጀመረ ደግሞ እሰየው፣ ማነቆው ቤት ቀየረ ማለት ነው፤ ጻፍልን።